ዐሊይ (ረ.ዐ) ኸዋሪጆችን ከመስጊድ ለምን አልከለከሉም?

  

ዛሬ ወደ ኩፋ መስጊድ እንሂድ። ዘመኑ የሲፊን ጦርነት በሽምግልና እንዲቆም ስምምነት ከተደረገ በኋላ ነው። አሚረል ሙእሚኒን ዐሊይ ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ሚንበር ላይ ቆመው ኹጥባ እያደረጉ ሳለ ከሕዝቡ መሐል አንድ ሰው ድንገት ይነሳና ፍርድ የአላህ ብቻ ነው ብሎ ይጮኻል። ከሌላኛው ጥግ ሌላው ይቀበለዋል። ቃሉ ከቁርኣን የተወሰደ ነው፤ የተወረወረው ግን በኸሊፋው ላይ ነው። ሽምግልናውን በመቀበልህ ከእስልምና ወጥተሃል ማለታቸው ነው። ኢማሙን በገዛ ሚንበሩ ላይ፣ በሰው ፊት ካፊር ማለት!

ዐሊይ ምን መለሱ? ቃሉ እውነት መሆኑን፣ የተፈለገበት ዓላማ ግን ሐሰት መሆኑን ተናገሩ። ከዚያም አል-በይሀቂና ሌሎችም እንደዘገቡት ለእነዚህ ሰዎች ሦስት ነገር ቃል ገቡላቸው። ከአላህ መስጊዶች አይከለከሉም። እጃቸው ከሙስሊሙ እጅ ጋር እስካለ ድረስ ከሕዝብ ገንዘብ የሚያገኙት ድርሻ አይቋረጥባቸውም። እነሱ ውጊያ እስካልጀመሩ ድረስም ማንም አይዋጋቸውም።

ኸዋሪጅ ማለት ሙስሊሙን በአቋሙ ምክንያት ካፊር ብሎ ደሙን ሐላል ያደረገ፣ በታሪካችን የመጀመሪያው ቡድን ነው። ስለ ሽብር ሲነሳ ዑለማዎቻችን መጀመሪያ የሚጠሩት የእነሱን ስም ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ እነሱ አስቀድመው አስጠንቅቀዋል፤ ዐሊይም ያንን ማስጠንቀቂያ ከሚያውቁት ሰሓባዎች አንዱ ነበሩ። ይህን እያወቁ ነው ከመስጊድ ያልከለከሏቸው።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምናነሳው ጽንፈኝነትን ለማውገዝ ነው፤ ተገቢም ነው። ዛሬ ግን ሌላኛውን ጎኑን ላንሳ። መንግሥት ሕዝብን ከሽብር ሲጠብቅ እጁን የት ላይ ማቆም አለበት? ይህ ጥያቄ በሀገራችን በእኛው በሙስሊሞች ላይ አልፏል፣ በጎረቤቶቻችንም ላይ አልፏል፣ ገናም አላለቀም።

ከናንተ ብዙዎቻችሁ በ2004 ገና ልጆች ስለነበራችሁ ባጭሩ ላስታውስ። አዲስ አበባ ውስጥ በአወሊያ ግቢ የተጀመረው ተቃውሞ ሁለት ነገር ይጠይቅ ነበር። የአሕባሽ አስተምህሮ በመንግሥት ድጋፍ በሙስሊሙ ላይ አይጫን፣ የመጅሊስ መሪዎቹን ሙስሊሙ ራሱ በነፃነት ይምረጥ የሚል ነው። ጥያቄውን ለመንግሥት የሚያቀርብ 17 አባላት ያሉት የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ ተመረጠ። በየጁምዓው በአንዋር መስጊድና በሌሎች ከተሞች መስጊዶች «ድምፃችን ይሰማ» ተባለ። በሐምሌ 2004 የኮሚቴው አባላት ታሰሩ፤ በጥቅምት 2005 በፀረ ሽብርተኝነት አዋጁ ተከሰሱ። ክሱ ገና በፍርድ ቤት እያለ፣ ጥር 28 ቀን 2005 «ጅሃዳዊ ሐረካት» የተባለው ፊልም በኢቲቪ ተላለፈ። እንዳይተላለፍ የፍርድ ቤት ዕግድ ወጥቶበት ነበር። ሰኔ 29 ቀን 2007 18 ሰዎች ጥፋተኛ ተባሉ፤ ሐምሌ 27 ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ኡስታዝ አቡበከር አሕመድ 22 ዓመት ከተፈረደባቸው አንዱ ነበሩ። ከተፈረደባቸው መሐል የ«የሙስሊሞች ጉዳይ» መጽሔት አዘጋጅ የነበረው ዩሱፍ ጌታቸውም ይገኝበታል። ከፊሎቹ ቀደም ብለው በይቅርታ ወጡ፤ ኡስታዝ አሕመዲን ጀበል የወጡት በየካቲት 2010 ነው።

ከዚያስ? ሚያዝያ 2011 ዑለማዎች በተሰበሰቡበት ጉባኤ የመጅሊሱ አመራር ተቀየረ። በ2012 ደግሞ መጅሊሱ በአዋጅ ቁጥር 1207 ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። በ2004 ሰው ያሳሰረው ጥያቄ ስምንት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በነጋሪት ጋዜጣ የሚታተም ጉዳይ ሆነ ማለት ነው። በዚያ መሐል ያለፈውን የእስር ዓመት፣ አባቱን በፍርግርግ እያየ ያደገውን ልጅ ግን ማንም አይመልሰውም።

ሰዎቹ የተከሰሱበት ሕግ አዋጅ ቁጥር 652/2001 ይባላል። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ ግን አዋጁ በአማርኛ የተጻፈ ነው፣ አንብቤዋለሁ፣ እናንተም አንብቡ። የመጣበትን ዘመን አልክድም። በ1994 መግቢያ አሜሪካ ከተመታች በኋላ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 1373 ሁሉም አገሮች ሽብርን በወንጀል እንዲቀጡ ጠይቋል። በድንበራችን ማዶ አልሸባብ ነበር። ሹማምንቱም አዋጁ ሲተች ከአውሮፓ አገሮች ሕግ የተወሰደ ነው እያሉ ይከላከሉ ነበር። ከየትም ይምጣ፣ እንየው።

አንቀጽ 6 ሽብርን እንደሚያበረታታ ሊወሰድ የሚችል ነገር ያተመ ወይም እንዲታተም ያደረገ ሰው ከ10 እስከ 20 ዓመት ይታሰራል ይል ነበር። ሊወሰድ የሚችል የሚለውን ልብ በሉ። ተናጋሪው ምን አለ ከሚለው ይልቅ ሰሚው ምን ሊመስለው ይችላል የሚለው ነው ወንጀሉን የሚፈጥረው። አንቀጽ 20 ፖሊስ በአንድ ቀጠሮ ቢያንስ 28 ቀን፣ በጠቅላላው እስከ 4 ወር ድረስ ያለ ክስ እንዲያቆይ ይፈቅድ ነበር፤ በተራ ወንጀል የምናውቀው ቀጠሮ 14 ቀን ነው። አንቀጽ 23 ደግሞ የደኅንነት መሥሪያ ቤት ሪፖርት ምንጩም የተገኘበት መንገድም ሳይገለጽ ማስረጃ ሆኖ እንዲቀርብ አደረገ። ሕገ መንግሥቱ ግን በአንቀጽ 20 ተከሳሽ የቀረበበትን ማስረጃ የማየትና ምስክሮችን የመጠየቅ መብት አለው ይላል። ማን እንዳለው የማይታወቅን ወሬ እንዴት አድርጎ ይጠይቀዋል?

ይህ ሕግ ሙስሊሙን ብቻ አልያዘም። ጋዜጠኛው እስክንድር ነጋ 18 ዓመት የተፈረደበት በእሱ ነው። በሚያዝያ 2006 የታሰሩት የዞን 9 ጸሐፊዎች የተከሰሱት በእሱ ነው። የወልቃይት የአማራ ማንነት ኮሚቴ አባል ኮሎኔል ደመቀ ዘውዱም በ2008 ጎንደር ከተያዙ በኋላ የተከሰሱት በእሱ ነው። አንዱ ኮሚቴ ስለ መጅሊስ ይጠይቃል፣ ሌላው ኮሚቴ ስለ መሬትና ማንነት ይጠይቃል፤ የመለሰላቸው አንቀጽ ግን አንድ ነበር። እዚህ ባሕር ዳር ነሐሴ 1 ቀን 2008 አደባባይ ወጥተው ያልተመለሱትን የሚያስታውስ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም። ሰኔ 2010 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው ፓርላማ ቀርበው እስረኛን ማሰቃየትና ጨለማ ቤት ማስገባት የመንግሥት የሽብር ሥራ እንደነበር ተናግረዋል።

እስካሁን ያልኩት ለብዙዎቻችሁ ደስ የሚል ነው። የተበደለው ወገን እኛ ስለሆንን ልብ ያሞቃል። አሁን ወደሚከብደው እንሂድ።

ሽብር እውነት ነው። ሚያዝያ 2007፣ የኮሚቴው አባላት ፍርድ እየጠበቁ ባሉበት ወቅት፣ አይሲስ ሊቢያ ውስጥ ከ20 በላይ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ገድሎ በቪዲዮ አሳየን። በስማችን፣ ሸሃዳችን በተጻፈበት ጥቁር ባንዲራ ሥር። ከዚህ ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012፣ በጁምዓ ቀን፣ ሞጣ ላይ መስጊዶች ተቃጠሉ፣ የሙስሊም ሱቆች ተዘረፉ። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ጎንደር ላይ ጀናዛ ሊቀብሩ የወጡ ሙስሊሞች ተገደሉ። ያኔ ሁላችንም መንግሥት የት ነበር አልን። ለምን ቀድሞ አልደረሰም፣ ለምን ቀድሞ አልያዘም አልን። ልክ ነበርን። ነፍስን መጠበቅ ሸሪዓ ከመጣባቸው ታላላቅ ዓላማዎች አንዱ ነው፤ ሕዝቡን የማይጠብቅ መሪ በአማናው ይጠየቃል።

ሁለት ቀኖችን ጎን ለጎን ላስቀምጥላችሁ። ሞጣ የተቃጠለችው ታኅሣሥ 10 ነው። አዋጅ 652ን የሚሽረው አዲሱ የሽብር ወንጀል መከላከያና መቆጣጠሪያ አዋጅ፣ ቁጥር 1176/2012፣ በፓርላማ የጸደቀው ታኅሣሥ 23 ነው። 13 ቀን ብቻ! በዚያ ሰሞን ከኛ መሐል ብዙው ሰው ስለ ታሳሪ መብት መስማት አይፈልግም ነበር፤ ሁሉም ይያዙ ነበር ወሬው። አዲሱ ሕግ በአንቀጽ 4 በሥራ ማቆም፣ በሰልፍና በስብሰባ መብት አጠቃቀም ምክንያት የሕዝብ አገልግሎት ቢስተጓጎል ሽብር እንደማይባል ደነገገ። በ2004 ይህ አንቀጽ ቢኖረን ብለን የምንመኘው ነው፤ በጸደቀበት ሳምንት ግን ልባችን ሌላ ቦታ ነበር።

ወደ ዐሊይ ልመለስ፤ እዚህ ላይ ንቁ ተማሪ የሚያነሳው ጥያቄ አለና። ኸዋሪጆቹ በኋላ ምን አደረጉ? የታላቁን ሰሓባ የኸባብን ልጅ ዐብደላህን መንገድ ላይ ይዘው ገደሉት፤ እርጉዝ የነበረችውን ሴትም አብረው ገደሉ። ታዲያ ዐሊይ ቀድመው መስጊድ ውስጥ ሲጮኹ ይዘዋቸው ቢሆን ኖሮ ዐብደላህ አይተርፍም ነበር?

ጥያቄው ከባድ ነው፤ በቀላሉ አልፌው አልሄድም። ዐሊይ ያደረጉትን በቅደም ተከተል እንየው። መጀመሪያ ዐብደላህ ኢብኑ ዐባስን (ረ.ዐ) ልከው አስከራከሯቸው፤ በዚያ ክርክር ብቻ ብዙ ሰዎች ተመለሱ። መስጊድ ከልክለዋቸው ቢሆን ኖሮ እነዚያ የተመለሱት ወዴት ይመለሱ ነበር? ግድያው ከተፈጸመ በኋላ ደግሞ ገዳዮቹን ብቻ አሳልፈው እንዲሰጡ ጠየቁ። ሁላችንም ገድለነዋል የሚል መልስ መጣላቸው። ያኔም ነህረዋን ላይ፣ በ38ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ከውጊያው በፊት የአማን ባንዲራ አስተከሉ፤ ወደ ባንዲራው የመጣ ወይም ወደ ቤቱ የሄደ እንደማይነካ ታወጀ፣ ብዙዎችም ሄዱ። የቀሩትን ተዋጉ። በሐሳብና በተግባር መካከል ያለውን መስመር ዐሊይ ከዳር እስከ ዳር ጠበቁት፤ ጠላት መስመሩን ሲያልፍ ግን አላመነቱም።

ታዲያ ደም እስኪፈስ መጠበቅ ግዴታ ነው? አይደለም። ለዚህ ሌላ ታሪክ አለን፣ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መካን ለመክፈት በምስጢር ሲዘጋጁ ሓጢብ ኢብኑ አቢ በልተዓ ለመካ ሰዎች ደብዳቤ ጻፉ። ዛሬ ይህን የወታደር ምስጢር ለጠላት አሳልፎ መስጠት እንለዋለን፤ ከዚህ የከበደ የደኅንነት ወንጀል ማሰብ ይከብዳል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዐሊይን፣ ዙበይርንና ሚቅዳድን ላኩ፤ ረውደቱ ኻኽ በተባለ ቦታ ደብዳቤውን ከያዘችው ሴት ተቀበሉ፣ ከሹሩባዋ ውስጥ አውጥታ ሰጠቻቸው። አንድም ሰው ሳይሞት ነገሩ ተደረሰበት።

አሁን ይህን አስተውሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነገሩን ያወቁት በወሕይ ነው። ከወሕይ በላይ አስተማማኝ መረጃ የለም። እንዲያም ሆኖ ደብዳቤው በእጅ ገባ፣ ሓጢብ ተጠሩ፣ ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ተጠየቁ፣ እስኪጨርሱ ተደመጡ። መካ ያሉ ቤተሰቦቻቸውን የሚጠብቅላቸው ዘመድ እንደሌላቸው፣ ውለታ ፈልገው እንጂ ከዲናቸው ወጥተው እንዳልሆነ አስረዱ። ዑመር (ረ.ዐ) አንገታቸውን ለመቁረጥ ፈቃድ ጠየቁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን እውነቱን እንደተናገሩ መሰከሩላቸው፣ በድር ላይ የዋሉ መሆናቸውንም አስታወሱ።

ስለዚህ ሴራን ቀድሞ ማክሸፍ ሱና ውስጥ ቦታ አለው። የተጻፈ ደብዳቤ፣ የተገዛ ፈንጂ፣ የተያዘ ቀጠሮ ሥራ ነው፤ ወሬ አይደለም። መንግሥት ይህን ቢከታተል፣ ቢይዝ፣ ቢከስ ሐቁ ነው፤ እኛም እንተባበራለን። ነገር ግን ደብዳቤው ይታይ። ሰውየው ይጠየቅ። ለነቢይ ወሕይ እየወረደላቸው ማስረጃ ቀርቦ ተጠርጣሪው ከተደመጠ፣ ለደኅንነት መሥሪያ ቤት ወሕይ አይወርድለትም፤ ሪፖርቱን ሊያሳየን ይገባል።

ይህ ለሙስሊም ብቻ የተሰጠ ጥበብ አይደለም። የቁረይሽ መልእክተኞች ስጦታ ተሸክመው ወደ ሀገራችን ሲመጡ የጠየቁት በዛሬ ቋንቋ ተፈላጊ ወንጀለኛ አሳልፎ መስጠትን ነው። ለሹማምንቱ ቀድመው ስጦታ አድለው፣ ስደተኞቹ ሳይጠየቁ እንዲሰጧቸው አስማምተው ነበር። ነጃሺ የክርስቲያን ንጉሥ ነበር፤ ጉዳዩን ከራሳቸው ከተከሳሾቹ አፍ ሳልሰማ አልሰጥም ብሎ ጃዕፈርን (ረ.ዐ) አስጠራ። ያን ቀን ንጉሡ በአንድ ወገን ወሬ ፈርዶ ቢሆን ኖሮ የእስልምና ታሪክ ምን ይመስል ነበር ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ።

አሁን ራሳችንን እንፈትሽ። ኅዳር 2013 ላይ ሮኬት ወደ ባሕር ዳር ተተኩሷል፤ የዚያን ሌሊት ድንጋጤ እናውቀዋለን። ሚያዝያ 28 ቀን 2013 የተወካዮች ምክር ቤት ሕወሓትንና ሸኔን ሽብርተኛ ብሎ ሰየመ። ስለ ድርጅቶቹ ሥራ እዚህ አልከራከርም። የምጠይቀው ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነው። በ2014 መጀመሪያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ የትግራይ ተወላጆች ታፈሱ፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ራሱ እስሩ በብሔር ማንነት ላይ የተመሠረተ እንደሚመስል ገልጾ ስጋቱን ተናግሯል። ከታሳሪዎቹ መሐል አሮጊቶች ነበሩ፣ ሻይ ሻጮች ነበሩ፣ ሙስሊሞችም ነበሩ። በ2005 «ጅሃዳዊ ሐረካት» ሲተላለፍ ያለቀስን ሰዎች ያኔ ምን ጻፍን? ስንቶቻችን ነን ይበላቸው ያልን? መጋቢት 13 ቀን 2015 ያው ምክር ቤት ሕወሓትን ከሽብርተኝነት መዝገብ ፋቀ። ስሙ ተፋቀ፤ በስሙ የታፈሰው ሰው ወራቱን አልተመለሰለትም፣ እኛም የጻፍነው እዚያው ነው።

አላህ በሱረቱል ማኢዳ 8ኛው አንቀጽ ለአንድ ሕዝብ ያለን ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን ያዝዛል። በሱረቱ ኒሳእ 135ኛው ደግሞ በራሳችን፣ በወላጆቻችንና በዘመዶቻችን ላይ እንኳ ቢሆን በፍትሕ እንድንቆም ያዝዛል። ሁለቱን አንድ ላይ ስታነቧቸው መውጫ ቀዳዳ የለም። ለምንወደው ሲሆን መብት፣ ለምንጠላው ሲሆን እርምጃ የሚባል ነገር በቁርኣን ውስጥ አላገኘሁም። ሕግ ደግሞ እንደ ታንኳ ነው፤ ጣና ዳር የሚኖሩት ወንድሞቻችን ነገዴ ወይጦዎች ደንገሉን ሲያስሩ ማን እንደሚሳፈርበት አይመርጡም፤ አንዱ እስር ከላላ የተሳፈረው ሁሉ ይሰምጣል።

ከዚያ ወደ ቤታችን መጣ። ሐምሌ 28 ቀን 2015፣ እሱም ጁምዓ ነበር፣ በአማራ ክልል ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ስድስት ወሩ ሲያልቅ በአራት ወር ተራዘመ። ሰዓት እላፊ በነበረባቸው ምሽቶች ኢሻንና ፈጅርን በየቤታችን ሰገድን። ዓሣ አጥማጁ ከንጋት በፊት ሐይቅ አልወረደም። ኢንተርኔቱ ተቋርጦ ይህ ገጽም ዝም አለ። ስለ ጦርነቱ ማን ልክ ነው የሚለውን ከኔ አትጠብቁ፤ ይህ የጁምዓ ትምህርት ነው። ግን አንድ ሙስሊም ወጣት ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜ ብዙ መብቶች እንዲታገዱ ይፈቅዳል፤ የሃይማኖት ነፃነትም ከማይታገዱት ዝርዝር ውስጥ የለም። ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 እና የእኩልነት አንቀጽ 25 ግን በምንም ጊዜ አይታገዱም። አጣሪ ቦርድ የሚባል አካል የታሳሪዎችን ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ የማድረግ ግዴታም አለበት። በተራው ጊዜ ደግሞ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ዘመድ የታሰረበት ሰው ሲመጣ ዱዓ ብቻ አድርገን አንሸኘው። የተያዘበትን ቀንና ሰዓት እንዲጽፍ፣ ጠበቃ እንዲፈልግ፣ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን እንዲያመለክት እንንገረው፤ ስንቅ ማቀበሉንም እንካፈለው። ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን።

ስልካችንንም እንጠብቅ። ሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ ወሬ ሲመጣ አጣሩ ይለናል፤ 12ኛው ከብዙ ጥርጣሬ ራቁ፣ አትሰልሉ ይለናል። የማናውቀውን ሰው ፎቶ ከላይ ሽብርተኛ የሚል ጽሑፍ ለጥፈን ስናጋራ ያለ ፍርድ ቤት ፈርደናል፣ ያውም በሺህ ሰው ፊት። በቴሌቪዥን ሲሠራብን ዙልም ያልነውን በቴሌግራም ስንሠራው ስሙ አይቀየርም።

ባለፈው ሳምንት ከደርስ በኋላ አንድ ተማሪ ዘግየት ብሎ ጠበቀኝና፣ «ኡስታዝ፣ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ልጅ የሚናገረው ነገር ያስፈራኛል። ብጠቁም መሰለል ይሆንብኛል? ዝም ብል ደግሞ ነገ አንድ ነገር ቢያደርስስ?» አለኝ። ጥያቄው የሁላችሁም ሊሆን ስለሚችል የመለስኩለትን እዚህ ላስቀምጥ። ልጁ ሰው ለመጉዳት ሲያቅድ በጆሮህ ከሰማህ፣ ቦታ፣ ቀን፣ መሣሪያ ካነሳ፣ ማሳወቅ ግዴታህ ነው፤ አልሰለልክም፣ ፊትህ ላይ ነው የተነገረው፣ የሰው ነፍስ አማና ሆኖብሃል። ስታሳውቅም ያየኸውን አየሁ፣ የሰማኸውን ሰማሁ በል፤ የገመትከውን ከሁለቱም አትቀላቅል፣ በመካከላችሁ ቂም ካለም ደብቀህ አትሂድ። የሚናገረው የተቆጣ ሰው ንግግር፣ ካነበበው የተዛባ ፈትዋ የመጣ ከሆነ ግን ኢብኑ ዐባስ ያደረጉትን እናድርግ፤ ሄደን እንነጋገረው፣ የሚጠቅሰውን ደሊል እንስማ፣ ዓሊም ፊት እናቅርበው።

«ከሁለቱ የትኛው ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። ትንሽ አሰበና ሁለተኛው ነው አለ። ልጁ ሥራ ካጣ ዓመት እንዳለፈው፣ ወንድሙም ታስሮ እንደነበር ነገረኝ። ይዞት እንዲመጣ ነገርኩት። ማክሰኞ ከመግሪብ በኋላ እንገናኛለን፣ ኢንሻአላህ።

ወላሁ አዕለም።